ስለ ሚጢጢ ነው የመጣሁት

በእኛ አፍ መኪና ሴት ናት። ስትበላሽ «ታመመችብኝ»፣ ስትነሳ «እሺ አለችኝ»፣ መንገድ ላይ ስትቆም ደግሞ «ጉድ ሠራችኝ» እንላለን። አውቶቡሱና የጭነቱ «እሱ» ናቸው፤ ትንሿ መኪና ግን ምንጊዜም «እሷ» ናት። ለምን እንደሆነ የተማሩት ይንገሯችሁ፤ የእኔ ትምህርት እዚያ አያደርስም። የማውቀው ይህቺ «እሷ» የምትባል ቃል የእህቴን ቤት አንድ ሰሞን እንዴት አድርጋ እንዳተራመሰችው ነው። ፍቅር የያዛችሁም፣ ሊይዛችሁ ደጃፍ ላይ የቆመባችሁም፣ ጠጋ በሉና ስሙኝ።

የእህቴ ልጅ አዋላጅ ናት። ስትወለድ በአንድ መዳፍ የምትያዝ ነበረችና እኔ «ሚጢጢ» አልኳት፤ ስሙ ቤት ውስጥ ተጣብቆባት ቀረ። ውጭ ግን «ሲስተር» ናት፣ የተከበረች። ቁመቷ አጭር፣ እጇ ትንሽ፣ እግሯ ፈጣን። ጠዋት ጤና ጣቢያ ታዋልዳለች፤ ከሰዓት በኋላ ከባድ ቦርሳዋን አንጠልጥላ የወለዱትን በየቤታቸው ትጠይቃለች። አውቶቡስ ስትጠብቅ የሚያልፈው ዕድሜዋ ያሳዝነኝ ነበር።

አንድ ዝናባማ ቀን አውቶቡሱ ቀረ። ምጥ የያዛት ሴት እየጠበቀቻት ነው። የቆመች ነጭ መኪና አየች፣ በሯን ከፍታ ገባች፣ «ወደ ጤና ጣቢያው፣ ቶሎ!» አለች። ሹፌሩ ጉልበቱ ዳሽቦርዱን የሚነካ ረጅም ሰው ነው። አንድ ቃል ሳይተነፍስ አደረሳት።

«ስንት ነው ሒሳብ?» አለችው።

«ታክሲ አይደለሁም።»

«ታዲያ ለምን አመጡኝ?»

ትንሽ አሰበና «ቶሎ አሉኝ» አላት።

ወርዳ ስታይ መኪናዋ ጣሪያ ላይ «ተማሪ» የሚል ሰሌዳ አለ። ሰውዬው የመንዳት አስተማሪ ነበር። እየሳቀች ገባች፤ በሳምንቱ ሄዳ ተመዘገበች። መንዳት ለመማር ነው ወይስ ሰውየውን ለማየት? እኔም ጠይቄያታለሁ። «አላውቅም አክስቴ፣ ተምታቶብኛል» አለችኝ። ያን ሰሞን ከአፏ የማይጠፋው ቃል ይኸው ነበር።

አስተማሪው ሲያስተምር ሦስት ቃል ብቻ ነው ያለው፦ «ስፖኪዮ»፣ «ቀስ» እና «ጎበዝ»። «ጎበዝ» የምትመጣው ከስንት አንዴ ነው። ልጅቷ ያቺን ቃል ለመስማት ኋላዋን እያየች ጠባብ ቦታ ማቆም ተማረች፣ ዳገት ላይ ፍሪሲዮን መያዝ ተማረች። እሱ «ሲስተር» ይላታል፣ እሷ «መምህር» ትለዋለች፤ ሁለቱም በ«እርስዎ»። ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠው በ«እርስዎ» መነጋገር እንዴት ያለ ነገር ነው! አንድ ክንድ የማይሞላ ቦታ መሃላቸው ነበር፤ ግን ያቺ «እርስዎ» ግንብ ናት።

መንጃ ፈቃዱን ስታገኝ ቤቱ በምክር ተጥለቀለቀ።

ታላቅ ወንድሟ በጭነት ማመላለሻ መሥሪያ ቤት አለቃ ነው። «ቱርቦ የሌላት መኪና የልጅ ጋሪ ናት» አለ። «አንዴ ስትረግጫት ምድር የምትለቅ አመጣልሻለሁ።»

«እኔ ምድር መልቀቅ አልፈልግም ጋሼ። ሰው ቤት መድረስ ነው የምፈልገው።»

እናቷ «በሮቿ አራት ይሁኑ፤ ነገ ልጅ ሲመጣ» አለች፣ የልጁን አባት እንደሆነ ገና ማንም አላየውም። አባቷ ልብስ ሰፊ ነው፤ እሱ ደግሞ የስፌት መኪናውን አቁሞ «ቀለሟ ቆሻሻ የሚችል ይሁን፤ ሌላው ሁሉ ይሰፋል» አለ።

ልጅቷ ራሷን ይዛ ተቀመጠች። «ትንሽ መኪና እንደምፈልግ አውቃለሁ። ከዚያ በላይ የምፈልገውን አላውቅም።» በማግስቱ አስተማሪውን እንዲያስመርጣት ለመነችው። እሱም እሺ አለ። በትርፍ ሰዓቱ፣ በነጻ። ለምን እሺ እንዳለ ያን ጊዜ የገባው ሰው አልነበረም፤ እሱም ጭምር።

መጀመሪያ ያዩዋት ወንድምየው የጠቆማት ባለ ቱርቦ ነበረች። የምታብረቀርቅ ናት። ሚጢጢ መሪውን ያዘች፣ ነዳጅ ረገጠች። መኪናዋ ዝም። እንደገና ረገጠች። ዝም። ግራ ገብቷት እግሯን ልታነሳ ስትል መኪናዋ እንደ ተናደደ ፍየል ወደ ፊት ተወረወረች።

«ቀስ!» አለ አስተማሪው፣ በሩን ጨብጦ።

«ምን ነካት?»

«ቱርቦ ነው። መጀመሪያ አየር እስኪነፋላት ትጠብቃለች፤ ከተነፋላት በኋላ ደግሞ ያጠራቀመችውን በአንዴ ትለቀዋለች። ኃይል አላት። ግን ሲጠይቋት ትዘገያለች። ሁሉም እንዲህ አይደሉም፤ ይህቺ ግን ብሶባታል።»

ልጅቷ ሞተሩን አጠፋች። «እኔ ስጠይቅ ወዲያው እንዲመለስልኝ ነው የምፈልገው። መልሱ እምቢም ቢሆን።»

አስተማሪው አየት አደረጋት። የሚናገር መስሎ አፉን ከፈተ፣ ከዚያ በመስኮቱ ወደ ውጭ ማየት ጀመረ። እሷ ጠበቀች። ምንም አልመጣም።

ሁለተኛዋ ቱርቦ የላትም፤ ማርሽ ራሷ ትቀይራለች፤ እንደ ማቀዝቀዣ ዝም ያለች፣ ነጭ። አንድ ዙር ዞሩ።

«ምን ተሰማዎት ሲስተር?»

«እንቅልፍ።»

ሦስተኛዋን ያገኟት ጡረታ የወጡ የሙዚቃ አስተማሪ ግቢ ውስጥ ነው። ሴትየዋ ጉልበታቸው ፍሪሲዮን መርገጥ እምቢ ስላላቸው ነው የሚሸጧት። ዕድሜ አላት፤ ቢጫ ናት፣ የደረቀ የሎሚ ልጣጭ ዓይነት ቢጫ። አጭር፣ ኋላዋ እንደ ተቆረጠ ዳቦ ቀጥ ያለ፣ የኋላ በሯ ወደ ላይ የሚከፈት። አምስት ማርሽ፣ በእጅ የሚቀየር። አስተማሪው ከላይ እስከ ታች አያትና ፊቱ ፈካ።

«አይ ሚጢጢ!» አለ።

የእህቴ ልጅ ክው ብላ ቆመች። ያንን ስም ከቤት ውጭ ማንም ጠርቷት አያውቅም። «አቤት?» ልትል ለጥቂት ነው ያመለጠችው። ዞር ስትል ግን ሰውዬው የሚያየው መኪናዋን ነው፤ በእጁ ኮፈኗን እየዳበሰ። የቤት ስሟን ከየት ሊያውቅ? ስሙ ደግሞ ለዚያች ቢጫ ነገር ልክክ ብሏል። ሳቋን ዋጠች፣ አልነገረችውም። ነግራው ቢሆን ኖሮ እኔም ዛሬ የማወራላችሁ ባልኖረኝ።

ውሃ ማጠራቀሚያው ዙሪያ ያለውን ጠመዝማዛ መንገድ ይዘው ወጡ። እግሯን ስታሳርፍ መኪናዋ ወዲያው ትመልሳለች፤ ትንሽ ስትሰጣት ትንሽ፣ ብዙ ስትሰጣት ብዙ። መሪዋ የመንገዱን ጠጠር ለመዳፏ ያወራል። ኩርባው ላይ ማርሹን ወደ ሁለት መለሰችው፤ መኪናዋ ዘመረች። በፍጥነት አልሄዱም፤ አንድ ብስክሌተኛ እንኳ ቀድሟቸዋል። ግን ልጅቷ ጮክ ብላ ሳቀች። ከልጅነቷ ጀምሮ እንደዚያ ስቃ አታውቅም፤ ራሷ ናት የነገረችኝ።

ዞር ስትል አስተማሪው መንገዱን አያይም፤ እሷን ነው የሚያየው።

«ምነው መምህር?»

«ስፖኪዮ» አለ ጆሮው ቀልቶ።

ስፖኪዮው ውስጥ ምንም አልነበረም።

«ይህቺን ነው የምፈልገው» አለች ሲመለሱ። «ግን ቤቱ ሁሉ ባለ ቱርቦዋን ይላል። አባዬ ሳይስማማ አይሆንም። እሱ እሺ ካለ ጋሼም ዝም ይላል። የመናገር ድፍረቱ ግን የለኝም፤ መኪና ለመምረጥ እንኳን ተምታቶብኝ...»

«እኔ እነግራቸዋለሁ» አለ።

ይኸውላችሁ፤ መዘዙ የጀመረው እዚህ ጋ ነው።

በማግስቱ ልጅቷ ሥራ ላይ እያለች አስተማሪው ኮት ለብሶ፣ ጸጉሩን በውሃ አስተኝቶ መጣ። እህቴና እኔ ጓዳ ሆነን ቁልፍ እንተክላለን። በሩ ገርበብ ብሏል። እህቴ ገና ኮቱን ስታይ ጎኔን በክርኗ ወጋችኝ። «አላልኩሽም? ይሄ ሰው ልጄን ሳይፈልግ አይቀርም! በነጻ መኪና የሚያስመርጥ ማን አለ?» ለባሏም ስንት ቀን ሙሉ ይህንኑ ስትነግረው ነው የሰነበተችው።

አስተማሪው ወንበር ላይ ተጠፍሮ ተቀመጠ። «አባባ፣ የመጣሁት... ስለ መኪናዋ ነበር።»

«ምን ሆነች? ቅድም ነው ዘይት ያጠጣኋት» አለ አባቷ የስፌት መኪናውን እየዳበሰ። በዚያ ቤት መኪና ማለት እሷ ናት።

ሰውዬው ተደናገረ። «አይ... ስለ ሚጢጢ ማለቴ ነው።»

አባቷ መነጽሩን አወለቀ። «እ... ስለ ሚጢጢ።»

«አዎ። እርስዎ ካልፈቀዱ እንደማይሆን ልጅዎ ነግራኛለች።»

«ራሷ ነገረችህ?» አባቷ ደረቱን ነፋ። «ጎሽ። አሳዳጊ አልበደላትም። ቀጥል።»

«ካየኋት ጀምሮ ሌላ ዓይኔ አልገባም። ትንሽ ናት ይሏታል ሰዎች። እኔ የወደድኳት ትንሽ ስለሆነች ነው። ዕድሜዋም ትንሽ ገፋ ብሏል...»

«ምን አልክ?»

«ግን አባባ፣ የዱሮዎቹ ናቸው የሚሻሉት! የአሁኖቹ ላያቸው ያብረቀርቃል እንጂ ሲነኳቸው አይገኙም። እሷ ሲነኳት ወዲያው ትመልሳለች።»

«መመለሱንስ ትመልሳለች!» አለ አባቷ። «ለእናቷ ሳይቀር ነው የምትመልሰው!»

ጓዳ ውስጥ እህቴ አፏን በጨርቅ አፈነች። አስተማሪው ቅንድቡን ከፍ አደረገ፤ ግን የሸመደደው ነገር እንዳይጠፋበት ነው መሰል ቀጠለ።

«ልቧም ጤነኛ ነው። ጆሮዬን አስጠግቼ ሰምቻለሁ።»

«ጆሮህን... አስጠግተህ?»

«ጆሮ አይዋሽም አባባ።»

አባቷ ሳለ፣ ጠረጴዛው ላይ ያለውን መቀስ አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠው። «እንግዲህ ዘመኑ ነው» አለ። «የት ልታኖራት አስበሃል?»

«እዚሁ ግቢ ውስጥ ብትሆን ይሻላል። ሁላችሁም ታዩአታላችሁ።»

ይህን ሲሰማ የአባቷ ዓይን ውሃ ሞላ። ልጁን ሩቅ የሚወስድበት ሰው ሲፈራ ነው የኖረው። «እዚሁ? ከእኛ ጋር?»

«አዎ። ለማታ የምትለብሰውን ደግሞ እኔ አመጣላታለሁ።»

«ልብስ በዚህ ቤት አይቸግርም! እኔ ምን ልሠራ ነው? ራሴ እሰፋላታለሁ።»

«እርስዎ ከሰፉላትማ በጣም ጥሩ ነው። ብቻ ውሃ የማያስገባ ይሁን።»

«ውሃ የማያስገባ?»

«ዝናብ እንዳይመታት።»

አባቷ ራሱን ነቀነቀ። «ለልጄ እንዲህ የሚያስብላት ሰው ይመጣል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ስማኝ ልጄ፣ እሷን ላሳውቅህ። ትንሽ ሳለች የደንበኛ ኮት ኪስ ውስጥ ስኳር ትደብቅ ነበር። አንዱ ዳኛ ጉንዳን የወረረው ኮት ይዞ መጣብኝ። ተቆጣኋት፤ ‹አባዬ፣ ጉንዳኖቹም እኮ ብርድ ይዟቸው ነው› አለችኝ። ይህቺ ናት። ልቧ እንደዚህ ናት።»

አስተማሪው ድንጋይ ሆነ። በበሩ ክፍተት ፊቱን አየሁት። መጀመሪያ ነጣ፣ ከዚያ ቀላ። አፉን ከፈተ፣ አባቷን አየ፣ እርጥብ ዓይኑን አየ፣ አፉን ዘጋ።

«እሺ ብያለሁ» አለ አባቷ እጁን በሁለት እጁ ይዞ። «ውሰዳት።»

አስተማሪው አንገቱን ደፋ።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁ ከጉድጓድ የሚመጣ ይመስል። ተነሥቶ ወጣ። የማስተማሪያ መኪናውን በር ላይ ትቶ በእግሩ ሄደ! «አየሽ?» አለችኝ እህቴ በመስኮት እያየችው። «ፍቅር እንዲህ ነው የሚያደርገው።»

ሚጢጢ ስትመጣ ቤቱ ሌላ ሆኖ ጠበቃት። እናቷ አቀፈቻት፣ አባቷ ግንባሯን ሳማት።

«አባትሽ እሺ አለ!»

«እውነት? እንዴት አሳመነው? ጋሼስ ምን አለ?»

«ጋሼሽ ምን አገባው? የምታገቢው አንቺ!»

«የማገባው?»

«አስተማሪው ጠየቀሽ እኮ! ኮት ለብሶ! ካየኋት ጀምሮ ሌላ ዓይኔ አልገባም አለ፣ በጆሯችን ሰማን!»

ልጅቷ ቦርሳዋን ሳታወርድ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ሳቀች፣ አለቀሰች፣ እንደገና ሳቀች። አጠገቧ ስቀመጥ «አክስቴ፣ ለእኔ ‹ስፖኪዮ› እና ‹ቀስ› እንጂ ሌላ ብሎኝ አያውቅም» አለችኝ። «እንዴት ለአባዬ ያን ሁሉ ተናገረ? ለምን መጀመሪያ ለእኔ አይነግረኝም?» ደስታዋና ግራ መጋባቷ ተጠላልፈው የትኛው የትኛው እንደሆነ አይለይም ነበር።

በማግስቱ የሙዚቃ አስተማሪዋ ግቢ ተገናኙ። ሁለቱም ቢጫዋ መኪና ውስጥ ገቡ። ሞተሩ አልተነሳም። እሷ መሪውን ይዛለች፤ እሱ ጉልበቶቹን ይዟል።

«አባዬ እሺ ማለቱን ሰማሁ» አለች።

«...አዎ።»

«እኔን ሳይጠይቁኝ።»

እንግዲህ ይህቺን ዓረፍተ ነገር እዩልኝ። እሷ ያለችው፦ ጠይቀኝ፣ ከአፍህ ልስማው፣ ይኸው እጠብቃለሁ ነው። እሱ የሰማው ደግሞ፦ ማን ፈቀደልህ፣ ማን ነህና ነው። አንዲት ዓረፍተ ነገር ከአፍ ወጥታ ጆሮ እስክትደርስ ልብሷን ትቀይራለች።

ሰውዬው ደነገጠ። የደነገጠ ሰው ደግሞ ያገኘው በር ውስጥ ነው የሚገባው።

«አባትዎ ተሳስተው ነው ሲስተር። እኔ የሄድኩት ስለ መኪናዋ ነው። ሚጢጢ ያልኳት ይህቺን ነው።»

«ስለ መኪናዋ» አለች ቀስ ብላ።

«ስለ መኪናዋ።»

«ሌላ ዓይኔ አልገባም ያሉትስ?»

«...እሷን ነው።»

ልጅቷ እጆቿን ከመሪው ላይ አንድ በአንድ አነሳች። ቁልፉን ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት። «ይውሰዷት እንግዲህ። እናንተ ትስማማላችሁ።» በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። በኃይል ብትዘጋው ኖሮ ይሻለው ነበር።

ለእኔ ብቻ ነገረችኝ። ለአባቷ ማን ይንገረው? ሰውዬው ያን ቀን ውሃ የማያስገባ ጨርቅ ገዝቶ የዝናብ ካፖርት መስፋት ጀምሯል። የሙሽራው ምርጫ ነው ብሎ! እጅጌውን ሊለካት ሲጠራት እጇን ዘርግታ ትቆማለች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ። «ትከሻሽን ቀና አድርጊ ሚጢጢ፤ ምነው ሙሽራ እንዲህ ትጎብጣለች?» ይላታል። እኔ ደግሞ ጓዳ ገብቼ አፍንጫዬን እጠርጋለሁ።

በዚያው ሳምንት ወንድሟ ባለ ቱርቦዋን አመጣ፤ «ሞክሪያትና እንጨርስ» አላት። የመምረጥ ልብ አልቀራትም። ግቢ ውስጥ ረገጠች፤ ዝም። ጠበቀች። ከዚያ ተወርውራ የእናቷን የአበባ ማሰሮ ሁለት ቦታ አደረገችው።

«ትለምጃታለሽ» አለ ወንድሟ።

«ይህቺም እንደ ሰው ናት ጋሼ። ሲጠይቋት የለችም፤ ሲተዋት ትመጣለች።»

«ማን ሰው?»

«ማንም።»

«ሰኞ ፈርሚ እንግዲህ።»

«እፈርማለሁ።»

አሁን አስተማሪው ዘንድ እንሂድ። ቤቱ ተቀምጦ ግድግዳ ሲያይ ስልኩ ጮኸ። አባቷ ነው።

«ልጄ፣ ውሃ የማያስገባውን ልጨርስ ነው። ቁልፍ ልትከልላት ወይስ ዚፕ? አንተ ምን ትወዳለህ?»

ሰውዬው ምን እንደመለሰ አያስታውስም። የሚያስታውሰው ጫማውን ሳያስር መንገድ መጀመሩን ነው።

ጤና ጣቢያው ኮሪደር ላይ ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ። ሚስቱ ውስጥ የምታምጥ አንድ ወፍራም ሰውዬ ባርኔጣውን እያሻሸ ተቀምጧል። ሚጢጢ ጓንት ልታመጣ ብቅ ስትል አስተማሪውን አየችው።

«መኪናዋ ታመመች?» አለችው።

«ሲስተር፣ ዋሽቻለሁ። እሱን ላርም ነው የመጣሁት።»

«ሥራ ላይ ነኝ።»

«እቤታችሁ ስገባ ስለ መኪናዋ ነበር። ስወጣ ስለ እርስዎ ነበር። መሃል ላይ የቱ ጋ እንደታጠፍኩ አላውቅም፤ ፍሬቻም አላሳየሁም።»

ልጅቷ ቆመች። «መቼ ገባዎት?»

«አባትዎ ስለ ስኳሩና ስለ ጉንዳኖቹ ሲነግሩኝ። ያን ጊዜ የሚያወሩት ስለ ማን እንደሆነ ገባኝ። የማወራው እኔም ስለ ማን እንደነበር... ከመጀመሪያውም... ገባኝ።»

«ታዲያ ለምን አላረሟቸውም?»

«እሺ ሲሉኝ ደስ አለኝ። ደስታውን መመለስ አቃተኝ።»

«በማግስቱስ? በማግስቱ ፊቴን እያዩ ካዱኝ እኮ!»

«‹እኔን ሳይጠይቁኝ› አሉኝ። ያልፈለጉኝ መሰለኝ። አሁን ደግሞ ዛሬ ብናገር ለአባትዎ አዝኖ ነው፣ አፍሮ ነው ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። ማመን እንደሚያቅትዎት አውቃለሁ። እኔም ብሆን ራሴን አላምነውም።»

«‹ሳይጠይቁኝ› ማለት ይጠይቁኝ ማለት ነው!» አለች፣ ጓንቱን በቡጢዋ ጨምድዳ። «ስንት ወር ሙሉ አጠገብዎ ተቀምጬ ስጠብቅ!»

አግዳሚው ላይ ያለው ሰውዬ መታገሥ አልቻለም። «ወንድሜ፣ ጠይቃት እንጂ! እኔ በጭንቅ ልሞት ነው፣ አንተ ደግሞ ትጨምርብኛለህ!»

አስተማሪው ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ የምፈልገው... እሷን—»

«‹እሷ› አይበሉኝ! በ‹እሷ› ስንት ጉድ መጣ! ማንን?»

ያ ረጅም ሰው ጎንበስ አለ፤ ዓይኑ ከዓይኗ ጋር እኩል እስኪሆን።

«አንቺን» አላት።

ግንቡ ተናደ። አየችው፣ አየችው። ከንፈሯ መልስ ሊሰጥ ሲላቀቅ ከውስጥ «ሲስተር! መጣ፣ ቶሎ!» የሚል ጩኸት ተሰማ። ልጅቷ ወደ በሩ ሮጠች። ልትገባ ስትል ዘወር አለች።

«ቆየኝ!» አለችውና ገባች።

አስተማሪው እንደተገተረ ቀረ። ወፍራሙ ሰውዬ ተጠጋው።

«ምን አለችህ?»

«ቆየኝ አለችኝ።»

«ይቆዩኝ ነው ወይስ ቆየኝ?»

«ቆየኝ።»

«በአንተ?»

«በአንተ።»

«አለቀ በለኛ!» አለ ሰውዬው፤ ከውስጥ የሕፃን ልቅሶ ሲሰማ ደግሞ ሁለቱ የማይተዋወቁ ሰዎች ተቃቅፈው የማን ደስታ የማን እንደሆነ ሳይለዩ አለቀሱ።

ሰኞ አልፈረመችም። ወንድሟ አኩርፎ ባለ ቱርቦዋን መለሰ፣ ከዚያ አንድ ቀን የሙዚቃ አስተማሪዋ ግቢ ሄዶ ቢጫዋን በድብቅ ነድቶ ሲመለስ ፊቱ ላይ ፈገግታ አየንበት። «እንደ ጋሪ ደስ ትላለች» አለ።

የቀረው ለአባቷ እውነቱን መንገር ነበር። ሁለቱ አብረው ገብተው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ከ«ሚጢጢ» እስከ «ውሃ የማያስገባው» ድረስ አንድ ሳያስቀሩ ተናዘዙ። እህቴ በሳቅ ግድግዳ ተደገፈች። አባቷ ግን አልሳቀም። የስፌት መኪናውን አቁሞ እስከ መጨረሻው ሰማ። ልጅቷ ፈራች፤ አስተማሪውንም ላብ አጠመቀው።

«ቆይ እስቲ» አለ አባቷ ጣቱን አንሥቶ። «እኔ እሺ ያልኩት ለልጄ ነው።»

«አዎ አባባ።»

«ያ እሺታ አሁንም እሺታ ነው። ልጄ እስከወደደችህ ድረስ።»

«እግዜር ያክብርልን።»

«ስለ መኪናዋ ግን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ማለት ነው?»

ሁለቱ ተያዩ። «...አዎ» አለ አስተማሪው።

«ታዲያ ተቀመጣ! ኮትህንም ቆልፍ። እንዴት ያለች ናት? ማን ወለዳት፣ ከማን ቤት ነው የመጣችው? ጠባይዋስ?»

አስተማሪው ተቀመጠ። ኮቱን ቆለፈ። ያ ሦስት ቃል ብቻ የነበረው ሰው ስለ ቢጫዋ መኪና እስኪመሽ አወራ፤ ስለ ኩርባው፣ ስለ ማርሿ፣ ስለ ሙዚቃ አስተማሪዋ ጉልበት። ሚጢጢ አጠገቡ ሆና ያላለውን ትጨምርለታለች፤ አንዱ የጀመረውን ሌላው ይጨርሰዋል። አባቷ ግን መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ የሚያየው መኪናዋን የሚያወሩበትን አፋቸውን ሳይሆን በወንበሩ ጎን ያልተላቀቀውን እጃቸውን ነበር።

ሲጨርሱ ተነሣ፣ የሁለቱንም ትከሻ ያዘ።

«ልጄን ሰጥቼሃለሁ» አለው። «መኪናዋን ግን አስብበታለሁ።»